ስሜን ስጠየቅ ይይዘኛል

ጥያቄ፦ «23 ዓመቴ ነው። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ዘንድሮ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ከሁሉም የሚከብደኝ ስሜ ነው፤ በ‹ተ› ይጀምራል። ስልክ ሲጠራ ለእህቴ አቀብላለሁ። ብቻዬን ሳወራና ስዘፍን ግን ምንም አይለኝም። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ደንግጬ እንደጀመረኝ ታምናለች፤ አንድ ዘመዳችን ደግሞ ከምላሴ ሥር ያለው ጅማት ይቆረጥ ይላል። መድኃኒት አለው? ለቀጣሪዎቹስ ልንገራቸው ወይስ ልደብቅ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ እንነሳ፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ተንጠልጥሏልና። አትደብቅ። ይህን የምንልህ ደፋር እንድትባል አይደለም። እንዳይታወቅብህ ስትል የምታደርገው ነገር፣ ቃል መቀየሩ፣ ትንፋሽ ማፈኑ፣ ስልኩን ማቀበሉ፣ ከመንተባተቡ ይልቅ አፍህን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ስለሆነ ነው። በሦስት ሳምንት መንተባተብ አይለቅም። የመደበቁን ልፋት ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ በደንብ መቀነስ ይቻላል፤ እሱ ሲቀንስ ንግግሩም ይላላል።

በቅድሚያ ቤት ውስጥ የሚባለውን እናጥራ። ድንጋጤ እንዲህ ያለውን፣ ከልጅነት የሚጀምር መንተባተብ አያመጣም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልጁ ቃላትን እያገጣጠመ ረዘም ያለ ነገር መናገር ሲጀምር ነው። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ያልደነገጠ፣ ያልወደቀ፣ ውሻ ያላባረረው ልጅ አይገኝም፤ ወላጅ ወደኋላ ዞሮ ምክንያት ሲፈልግ አንድ ድንጋጤ አያጣም። የሚታወቀው በዘር እንደሚወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ጂኖች ተለይተዋል፤ በአንጎል ምስልም ንግግርን በሚያቀናጁት መስመሮች ላይ፣ በተለይ በግራው በኩል፣ ትንሽ ልዩነት ይታያል። ከጀመራቸው ሕፃናት ብዙዎቹ፣ ከአሥሩ ሰባት ስምንቱ፣ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ከአዋቂዎች ከመቶ አንዱን ገደማ አብሮት ይኖራል፤ ከእነሱም ወንዶቹ ከሴቶቹ አራት እጥፍ ያህል ይበዛሉ። እናትህ ያጠፋችው ነገር የለም። አንተም እንደዚያው።

ጅማቱን አታስቆርጥ። ከምላስ ሥር ያለው ጅማት አጭር ሲሆን ምላስ ሩቅ እንዳይደርስ ያግዳል እንጂ አያንተባትብም። ማስረጃውን ራስህ ጽፈህልናል፤ ስትዘፍን አይዝህም፣ ያው ምላስ፣ ያው ጅማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ዲፈንባህ የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም የሚንተባተቡ ሰዎችን ምላስ እየሸረፈ ለማዳን ሞክሮ ነበር፤ በሽተኞቹ ያተረፉት ሕመሙን ነው። ለመንተባተብ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒትም እስካሁን የለም። የራስህን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ትንሽ አዘግይተው መልሰው የሚያሰሙ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። አንዳንዱን ሰው ወዲያው ያቀልሉታል፤ ሲለመዱ ግን ጉልበታቸው ይደክማል። ሞክራቸው፣ ግን አትመካባቸው።

አሁን ወደ «ተ» እንምጣ። «ተ» ስትል የምላስህ ጫፍ የላይኛውን ጥርስ ጀርባ ይነካል፣ አየሩ ለቅጽበት ይታገዳል፣ ከዚያ ምላስ ይለቅና ድምፅ ይከተላል። በደህና ጊዜ ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም። ሲይዝህ ግን የምላሱ ጫፍ ተጣብቆ ይቀራል፣ መንጋጋው ይጠብቃል፣ ታች ማንቁርትህም ይዘጋል። አንተ ደግሞ በሁለቱ መዝጊያዎች ላይ አየር ትገፋለህ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ወደ ውጭ እንደመግፋት ነው፤ በገፋኸው ቁጥር ይጠብቃል። «ረጅም ትንፋሽ ሳብና ተናገር» የሚለው ምክርም የማይሠራው ለዚህ ነው። ሰው ሳንባውን ሞልቶ ትንፋሹን ሲይዝ ማንቁርቱ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በር ይጀምራል ማለት ነው። ለንግግር ተራ ትንፋሽ ይበቃል፤ ገና መውጣት ሲጀምር ቃሉን አብረህ አስነሳው።

ስም ለምን ከሁሉ ይብሳል? «ትናንት» ካልወጣልህ «ባለፈው ቀን» ብለህ ታመልጣለህ። ስምህ ግን ምትክ የለውም። ጠያቂው ደግሞ ሳታስብ እንድትመልስ ይጠብቃል፤ ስሙን ለመናገር የሚያስብ ሰው የለምና። በዚህ ላይ የ19 ዓመት ትዝታ አለበት። ስለዚህ «ስምህ ማነው?» የሚለውን ገና ስትሰማ ምላስህ ቀድሞ ይጠብቃል። እያንዳንዱ የተቀየረ ቃልም ለራስህ «ያኛው ቃል አደገኛ ነው» ብለህ የምታስተምረው ትምህርት ነው፤ የሚፈሩት ቃላት ቁጥር በየዓመቱ የሚጨምረው በዚህ ነው። ዓይን መጨፈኑ፣ እግር መምታቱ፣ «ማለቴ… ማለቴ…» ማለቱም እንዲሁ የመጣ ነው። አንድ ቀን ቃሉ ሊለቅ ሲል እግርህን መታህ፣ ቃሉ ወጣ፣ አእምሮህ እግሩ አስለቀቀው ብሎ መዘገበ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እግሩ አይሠራም፤ ልማዱ ግን ይቀራል።

ወደ ልምምዱ እንግባ፤ በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምንም አታርም። ስትናገር በስልክህ ለሦስት ደቂቃ ያህል ራስህን ቅረጽ (ብቻህን ስትሆን ስለማይዝህ ከሰው ጋር ስታወራ ይሁን)፣ ከዚያ መልሰህ እያዳመጥህ ሁለት ነገር ቁጠር፦ ስንት ጊዜ እንደያዘህና ስንት ጊዜ ቃል እንደቀየርክ። ሁለተኛውን ከአንተ በቀር ማንም አያውቀውም፤ ከመጀመሪያው ይልቅ እሱን ማሳነስ ነው ሥራህ። ቀረጻውን ማዳመጥ ያማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ አንተ ግን ከሁለት ቀን በላይ አታዘግየው።

ቀጥሎ መስታወት ፊት ቆመህ ስምህን ሆን ብለህ አስይዘው። ምላስህን ልክ ሲይዝህ በሚሆነው ጥንካሬ ለጥፈህ እስከ ሦስት ቁጠር። ሳትለቅ ጥንካሬውን በግማሽ ቀንስ። እንደገና በግማሽ። የምላሱ ጫፍ ጥርስህን መንካቱ ብቻ ሲሰማህ ወደ ቀጣዩ ድምፅ ቀስ ብለህ ተንሸራተትና አናባቢውን ለአንድ ሰከንድ ያህል ጎትተው። አምስት ጊዜ ደጋግም። እዚህ የምትማረው «ያለችግር መናገር» አይደለም፤ ከጥብቅ ወደ ላላ የሚወስደውን መንገድ ነው። መንገዱን የማያውቅ ሰው ሲይዘው ያለው ምርጫ መግፋት ወይም መሸሽ ብቻ ነው።

ይህን ዘዴ ካበጁት ሰዎች ዋነኛው አሜሪካዊው ቻርልስ ቫን ራይፐር (1905–1994 እ.ኤ.አ.) ራሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚንተባተብ ነበር። ቅደም ተከተሉ ለብዙ ሰው ግልብጥ ይመስለዋል፤ ከቃሉ በኋላ ተጀምሮ፣ ወደ ቃሉ መሀል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ቃሉ ፊት ይሄዳል። በመጀመሪያው ደረጃ ይዞህ ሲያበቃና ቃሉን ስትጨርሰው ቁም። ሦስት ሰከንድ ዝም በል። የት እንደጠበቀ አስተውልና ያንኑ ቃል ቀስ ብለህ፣ ላላ አድርገህ ድገመው፤ ከዚያ ቀጥል። ስህተቱ የሚመጣው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሦስቱ ሰከንድ ሦስት ደቂቃ ስለሚመስል ሰው ይዘለዋል፤ ያለዝምታው ግን ልምምዱ ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ ሲደግሙት ቃሉን «አስተካክሎ» ለማሳየት ፈጥኖ መናገር ነው፤ የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን መላላት ነው። በሁለተኛው ደረጃ ገና እንደያዘህ፣ ወደ ኋላ ተመልሰህ ሳትጀምር፣ እዚያው ሆነህ ልክ መስታወቱ ፊት እንዳደረግከው ጥንካሬውን አላልተህ ትወጣለህ። ሦስተኛው የሚፈራውን ቃል ከመድረስህ በፊት ምላስን በስሱ ማስቀመጥ ነው። ለቃለ መጠይቁ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ብትደርስ ይበቃሃል፤ ሦስተኛው ወራት ይፈልጋል፤ ቶሎ ከተጀመረም ሌላ የመደበቂያ ዘዴ ይሆናል።

አንድ የቋንቋችንን ነገር እንጨምር። በሌላ ቋንቋ የተዘጋጁ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ «አየር እያስወጣህ ጀምር» ይላሉ። ለ«ሰ»፣ «ሸ»፣ «መ»፣ «ነ»፣ «ለ» ግሩም ነው፤ ድምፆቹ ራሳቸው ይጎተታሉ። ለ«ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጰ» ግን አይሆንም። እነዚህ ሲነገሩ ማንቁርት በራሱ ለቅጽበት ይዘጋል፤ የሚፈነዳውም ከሳንባ የሚመጣው ሳይሆን አፍ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ስለዚህ «ቃል» ላይ ሲይዝህ «ቀ»ን ለመጎተት አትታገል፤ አይጎተትም። በስሱ አስነክተህ ፈጥነህ ተሻገርና አናባቢውን ጎትት፦ «ቃኣኣል»። «እኔ»፣ «አዎ» በመሳሰሉት ደግሞ የሚይዘው ጉሮሮ ላይ ነው፤ «ህ» ልትባል ምንም ያልቀራት ስስ ትንፋሽ ታስቀድማለህ። የአንተ «ተ» በእነ«ሰ» እና በእነ«ጠ» መካከል ናት፤ በስሱ ከተነካች አየር ታሳልፋለች።

ሆን ብሎ መንተባተብ የሚባል ልምምድም አለ፤ ሰዎች ሲሰሙት ይስቃሉ፣ ከሞከሩት በኋላ ግን ፍርሃቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳንሰው እሱ መሆኑን ያያሉ። የማትፈራውን ቃል ምረጥና መጀመሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ላላ አድርገህ ድገም፦ «ዛ-ዛ-ዛሬ»። ዓይንህ ከአድማጩ ዓይን አይነሳ። በቀን አሥር ጊዜ አድርገው፤ ለማታውቀው ሰው ብታደርገው ይመረጣል። አንዳንዴ ሆን ብለህ የጀመርከው እውነተኛ ሆኖ ይይዝሃል። ጥሩ ነው፤ እዚያው አላልተህ ትወጣለህ። በፍጥነትና ድምፅን ዝቅ አድርጎ መፈጸም ግን ዋጋ የለውም፤ ለመታየት የሚደረገውን መልሶ መደበቅ ነውና።

ስልክ የተለየ ጣጣ አለው። ፊት ለፊት ሲይዝህ አድማጭህ ፊትህን አይቶ ይጠብቃል፤ በስልክ ግን ዝምታ ብቻ ነው የሚደርሰው። «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ይዘጋል፣ አንተም ያንን በመፍራት ትገፋለህ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ ይሁን፦ «ሃሎ፣ ስናገር እንተባተባለሁ፤ ዝም ካልኩ መስመሩ አልተቋረጠም።» ይህች ዓረፍተ ነገር የጥድፊያውን ግማሽ ታወርደዋለች። በሁለተኛው ሳምንት አሥር ጥሪ አድርግ፤ ሁሉም አጭር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ያለው («ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ?» ዓይነት) ይሁን። አሥሩንም በተለያየ ቀን ሳይሆን አምስት አምስቱን በተከታታይ፣ በአንድ ቁጭታ። ፍርሃት የሚበርደው በአንደኛው ጥሪ ላይ አይደለም፤ ሦስተኛና አራተኛው ላይ ነው። የምትለውን ሙሉውን አትጻፍ። የተጻፈ ነገር ቃል በቃል መውጣት ያለበት ይመስልና ይቆልፋል፤ ሦስት ቁልፍ ቃላት ወረቀት ላይ አኑር፣ ይበቃል። እህትህንም ስልክ እንዳትቀበልህ ንገራት፤ በመልካም ልብ ነው የምታደርገው፣ የምትረዳው ግን ፍርሃቱን ነው።

ወደ ቃለ መጠይቁ። ቤት ውስጥ መልሶችን ጮክ ብሎ ደጋግሞ ማንበብ ሰውን ያታልላል። አንድን ጽሑፍ አምስት ጊዜ ደጋግመህ ስታነብ መንተባተቡ በአማካይ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ሌላ ጽሑፍ ስታነሳ ወይም ጥቂት ሰዓት ሲያልፍ ተመልሶ ይመጣል። «ትናንት ቤቴ እንዴት ጥሩ ነበርኩ» እያለ የሚያዝን ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ የተሞኘ ነው። ይልቅ ሁለት ሦስት ሰዎችን አስቀምጠህ ያላዘጋጀሃቸውን ጥያቄዎች እንዲጠይቁህ አድርግ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቢያንስ አራት ጊዜ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ስምህ ማነው?» ይሁን።

መንገሩ እንዴት ይሁን? ከሰላምታ በኋላ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመጣ፣ አሥር ሰከንድ በማይሞላ ንግግር፦ «ከመጀመራችን በፊት፣ ስናገር እንተባተባለሁ፤ አንዳንድ ቃል ጊዜ ይወስድብኛል። ያልተሰማችሁ ካለ ድገም በሉኝ።» እዚህ ላይ «ይቅርታ» የሚል ቃል እንደሌለ አስተውል። ይቅርታ ሲታከልበት አድማጭ የሚሰማው መረጃ ሳይሆን ልመና ነው፤ በጥናት የታየውም አድማጮች ሳይለማመጡ የሚናገርን ሰው ይበልጥ በጎ አድርገው እንደሚመለከቱት ነው። ይህችን ንግግር ከቃለ መጠይቁ በፊት ለአምስት ሰው ተናገራት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ አትሞከርም። መልስ የሚሰጠው በደቂቃ ተለክቶ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ በቅድሚያ፣ በጽሑፍ ጠይቅ።

በመሀል አንዱ ጠያቂ ቃልህን ሊጨርስልህ ይሞክር ይሆናል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አድማጭ «…ሠርቻለሁ» ልትል ነው ብሎ ቀድሞ ይገምታል። ግምቱ ልክ ቢሆንም ቃሉን ራስህ ጨርሰው። ስህተት ከሆነ «አይደለም» ብለህ የራስህን ተናገር፤ ለመገላገል ብለህ የሱን ቃል አትቀበል። ብዙ የሚንተባተብ ሰው ያላሰበውን መልስ ይዞ ከክፍሉ የሚወጣው እንዲህ ነው። ለእናትህና ለእህትህም ይህንኑ ንገር፦ አይጨርሱልህ፣ «ቀስ በል፣ ተረጋጋ» አይበሉህ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቁ። ሌላ ምንም አይጠበቅባቸውም።

ባለሙያ ማግኘት ከቻልክ የምትፈልገው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለተወሰኑ ወራት የሚሄድ ሥራ ነው። «ከክፍሉ ውጪ፣ ስልክ ላይና ሰው መሀል እንለማመዳለን?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱ «አይ» ከሆነ ሌላ ፈልግ። በቀናት ውስጥ ጨርሶ አጠፋልሃለሁ የሚልህን ደግሞ ሁለተኛ አትጠይቀው። ፍርሃቱ ከንግግር አልፎ ከቤት እንዳትወጣ፣ እንቅልፍ እንዳታገኝ ካደረገህ የሥነ ልቦና ባለሙያም ጨምርበት፤ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ይሻላል። ሌሎች የሚንተባተቡ ሰዎችንም ፈልግ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ኦክቶበር 22 ዓለም አቀፍ የመንተባተብ ግንዛቤ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ በዚያ ሰሞን ሰዎቹ በቀላሉ ይገኛሉ። (ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ፦ በልጅነቱ ያልነበረበት አዋቂ በድንገት መንተባተብ ከጀመረው፣ በተለይ ፊት መጣመም ወይም እጅ መድከም ካለበት፣ ጊዜ ሳያባክን ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂድ።)

መጥፎ ቀን ይመጣል። ያለምክንያት አንድ ሳምንት ይከፋል፤ የመንተባተብ ጠባዩ ነው፣ ልምምዱ ከሸፈ ማለት አይደለም። በዚያ ሳምንት አዲስ ነገር አትሞክር፤ ወደ ሦስቱ ሰከንድ ተመለስ።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ከሰዓቱ 20 ደቂቃ ቀድመህ ድረስ። በር ላይ ወይም እንግዳ መቀበያው ጋ «ስም?» የሚል ሰው ይኖራል። ስምህን ለእሱ ሆን ብለህ፣ ላላ አድርገህ፣ ዓይኑን እያየህ ተንተባትበህ ንገረው። ውስጥ ስትገባ የዕለቱ የመጀመሪያ «ተ» አልፋለች።